ሶል የሌለባት አንቺሆዬ

በዚህ ነፋስ ከአምስተርዳምና ከሮተርዳም በባቡር፣ ከዴን ሃግ መሀል ደግሞ በትራም ተሳፍራችሁ፣ ስለ አንድ ወፍራም ድምፅ ለመስማት ስኬቨኒንገን ድረስ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። ዓመታቱን የምጠራው እዚህ በለመዳችሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዛሬ የማወራው ስለ ቤዝ ነው፤ ይልቁንም ቤዝ እየተጫወቱ ስለሚያስተምሩ ሰዎች። ወደ እነሱ ከመግባቴ በፊት ግን የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። ቤዙ የደረሰኝ ጎበዝ ስለነበርኩ አይደለም። ሊድ ጊታሩን የሚችል ልጅ ነበረ፤ ድራሙን ከእኔ የሚበልጥ ይዞታል፤ ድምፄ ደግሞ እንደምትሰሙት ነው። የቀረው ቤዙ ነበር፤ የቀረሁትም እኔ ነበርኩ። የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዶ፣ ሶል፣ ዶ፣ ሶል። ቤዝ የያዘ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚማራት እርምጃ ናት። ትዝታ ሲዘፈን ዶ፣ ሶል፤ ባቲ ሲዘፈን ዶ፣ ሶል፤ አምባሰል ሲመጣም ያችው። ማንም ምንም አላለኝም።

አንድ ቀን በአንቺሆዬ ቅኝት የተሠራ ዘፈን ስንለማመድ፣ ማሲንቆ የሚመቱልን ሽማግሌ ድንገት ደጋናቸውን አወረዱ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «እኛ እዚህ ነን፤ አንተ ወዴት ነው የምትሄደው?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም አፍሬ፣ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «እሱን እንኳ አላውቅም፤ ጆሮዬን ጎረበጠኝ» አሉና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ያን ቀን እሳቸው ጥፋቱን ሰምተዋል፤ ስሙን ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም። እኔም ሳልሰማው ቀረሁ። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ በእሳቸው ጆሮና በእኔ ጣት መካከል ስለነበረው ክፍተት ነው።

ታሪኩን ከዚሁ ሰፈር ልጀምር። ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ ጉልላት ያለው ትልቅ ሕንፃ ታገኛላችሁ፤ ኩርሃውስ ነው። በ1885 ተከፈተ፣ በዓመቱ ተቃጠለ፣ በ1887 ደግሞ እንደገና ቆመ። በጁላይ 1933 አሜሪካዊው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ እዚህ ቤት ገባ። ያን ጊዜ ኮንትራባሱን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ፣ የያዘው የሉዊዚያናው ሰው ዌልማን ብራውድ ነበር። ቤዝ በአራቱም ምት ላይ እየረገጠ እንዲራመድ ካደረጉት ቀደምት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ከ27 ዓመት በኋላ፣ አፕሪል 9 ቀን 1960፣ ማይልስ ዴቪስና ጆን ኮልትሬን በዚሁ በኩርሃውስ ተጫወቱ። ከኋላቸው የቆመው ቤዚስት ፖል ቼምበርስ ገና 25 ዓመት አልሞላውም ነበር።

በዚያ ዘመን አንድ ልማድ ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ባንድ አመሻሹ ላይ ስኬቨኒንገን ይጫወትና፣ ዕቃውን ጭኖ፣ እኩለ ሌሊት ላይ አምስተርዳም ኮንሰርትኸባው ይደርሳል። የዚህ አገር ወጣት ሙዚቀኛ ጃዝን የተማረው እንዲህ ነው። በሌሊት፣ ትኬት ቆርጦ፣ የሌላውን ሰው ጣት በዓይኑ እየተከተለ፣ ጠዋት ደግሞ የሸክላውን መርፌ እየመለሰ። ይህን የሌሊት እውቀት እለዋለሁ። መጽሐፍ የለውም፤ ፈተና የለውም፤ አጠገቡ ከሌለህ አይደርስህም።

የእኛም እውቀት የሌሊት ነበር። አዝማሪው ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ኋላ ኋላ እያለ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ይማራል። የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የምድር ጦሩ ሙዚቀኛ ኖታውን ቀን ከሰፈር ቢማርም፣ የዘፈኑን አያያዝ የሚቀስመው ማታ ከመድረክ ነው። ሊዮ ፌንደር በ1951 ያወጣው የኤሌክትሪክ ቤዝ አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ይበልጥ አስቸጋሪ ነገር መጣ፤ ለዚህ መሣሪያ አባትም አጎትም አልነበረንም። ማሲንቆና ክራር ከዜማው ጋር ይሄዳሉ እንጂ ከሥሩ ሌላ መንገድ አያወጡም። ወፍራም አውታር ያለን በገና ላይ ነው፤ እሱም የዐቢይ ጾም፣ የሱባኤ መሣሪያ ነው። ወፍራም አውታር ለእኛ የጸሎት እንጂ የጭፈራ አልነበረም። ስለዚህ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ቤዚስቶቻችን የሚወርሱት ነገር ስላልነበራቸው ራሳቸው ፈጠሩት። አጭር፣ የምትደጋገም፣ እንደ እርሻ በሬ በአንድ ትልም የምትመላለስ መስመር አወጡ። የዋልያስ ባንዱን የመላከ ገብሬን ቤዝ የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል።

በኖቬምበር 1973 ኤሊንግተን አዲስ አበባ መጣ። ከስኬቨኒንገኑ ጉዞ 40 ዓመት መሆኑ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሸለሙት፤ ሙላቱ አስታጥቄም የራሱን ሥራ ለኦርኬስትራው አቀናብሮ አቀረበለት። በብራውድ ቦታ ያኔ ቤዙን ይዞ የነበረው ጆ ቤንጃሚን ነው። ቤንጃሚን በጃንዋሪ 1974፣ ኤሊንግተንም በሜይ 1974 አረፉ። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ።

ሰዓት እላፊ ለሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ በዕድሜ ገፋ ያላችሁ ታውቃላችሁ። ጭፈራ ቤቱ ወይ በጊዜ ይዘጋል፣ ወይ በሩን ከውስጥ ቆልፎ ከነሰዉ ያድራል። ሌሊቱ ሲታሰር የሌሊት ትምህርት ቤቱም አብሮ ታሰረ። በ1981 ወደ አሜሪካ የተጓዘው ዋልያስ ባንድ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ካሴት መታተሙን አላቆመም፤ ታላቅ ሥራም ተሠርቷል። ግን ወጣቱ ቤዚስት ከአንጋፋው ኋላ ቆሞ ጣት የሚያይበት ቦታ ጠበበ። እኔን የመሰለ የቀበሌ ዶ፣ ሶል ተጫዋች የበዛበት ምክንያት ስንፍና ብቻ አይደለም።

ከዚህ ስብራት ነው ቤዚስቱ ሄኖክ ተመስገን የሚወጣው። በ1984 በዋሽንግተን ዲሲ አራት ወጣቶች አድማስ በሚል ስም አንድ ሸክላ አሳተሙ፤ ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ አበጋዙ ክብረወርቅ ሺዮታ፣ ዮሴፍ ተስፋዬና ሄኖክ። ርዕሱ «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ነበር። በውስጡ ሳምባ አለ፣ ሃይላይፍ አለ፣ ሬጌ አለ፤ ከሁሉ በታች ግን የኛ ዜማ አለ። በጊዜው ብዙ ሰው አልሰማውም፤ በ2020 እንደገና ሲታተም ዓለም አዲስ ነገር አገኘሁ አለ። ሄኖክ በቦስተኑ በርክሊ ኮሌጅ ጃዝ ተማረ። በርክሊ ማለት ሙላቱ በወጣትነቱ ከእሱ ቀድሞ የገባበት ቤት ነው። በስደት ዓለም ያሉትን ትልልቅ ድምፃውያን ሲያጅብ ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ነው እዚህ ያቆመኝ። ተመለሰ። መመለሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ለበዓል ይመለሳል። ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ ጃዝአምባ የተባለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ቁጭ ብሎም አስተማረ። ማታ ማታ ደግሞ ከግሩም መዝሙር ጋር በአዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ኮንትራባስ ይጫወት ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ አንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞ ነበረ፤ ከእሱ ቀጥሎ የልጅ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ተቀምጦ ነበር። ደርግ የበጠሰውን ገመድ በዚያ መድረክ ሲቋጥሩት በዓይን ይታይ ነበር።

ቀን ማስተማር፣ ማታ መጫወት። ሌሊቱ በጠባበት አገር እውቀቱን ወደ ቀን ማሻገር ግድ ነው። የጃዝአምባን ስም የያዘው የጣይቱ ሆቴል መድረክ በጃንዋሪ 2015 ተቃጠለ። በ2024 የካዛንቺስ ሰፈር ሲነሣ የባህል ማዕከሉ ፌንዲቃም ነባር ቦታውን ለቀቀ። ቤት ይቃጠላል፣ ቤት ይነሣል። ተማሪው ጆሮ ውስጥ የገባ ነገር ግን ለእሳቱም ለግሬደሩም አይመችም።

አሁን ወደዚህ ወደ ተቀመጣችሁበት አገር ልመለስ። የዴን ሃግ ንጉሣዊ ኮንሰርቫቶሪ በ1826 የተመሠረተ ነው፤ ከ2021 ጀምሮ ስፓው አደባባይ አጠገብ አማሬ በሚባለው አዲስ ሕንፃ ውስጥ ይገኛል። ለረጅም ዘመን የባህና የቤትሆቨን ቤት ነበር። በ1976 ፖል አኬት የተባለ ሰው፣ ከዴን ሃግ መሀል ወደ ስኬቨኒንገን ሲመጡ በሚገኘው የጉባኤ አዳራሽ፣ የሰሜን ባሕር ጃዝ ፌስቲቫልን ጀመረ። ካውንት ቤዚ፣ ሳራ ቮን፣ ዲዚ ጊለስፒ መጡ። ፌስቲቫሉ በ2006 ወደ ሮተርዳም እስኪዛወር ድረስ ለሠላሳ ዓመት ከዚያው አልተነቀለም። ከተማው በየዓመቱ በጁላይ ጃዝ ሲሰማ ኮንሰርቫቶሪውም የጃዝ ክፍል ነበረው፤ አስተማሪዎቹም የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ።

ከእነሱ ሁለት ቤዚስቶችን ልጥራ። አንዱ በ1956 የተወለደው ሄይን ቫን ደ ጌይን ነው። ከቼት ቤከር ጋር ተጫውቷል፤ ዘፋኟን ዲ ዲ ብሪጅወተርን ለዓመታት አጅቧል። ዴን ሃግ ሲያስተምር ኖሮ የሚያውቀውን ሁሉ በአንድ ጠቅላላ የቤዝ መማሪያ መጽሐፍ ጻፈ፤ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ሌላው በ1965 ሮተርዳም የተወለደው ቶኒ ኦቨርዋተር ነው። እዚሁ ዴን ሃግ ተማረ፣ እዚሁ መምህር ሆነ፣ በ2002 የአገሪቱን ትልቅ የጃዝ ሽልማት የቦይ ኤድጋርን ወሰደ። ኦቨርዋተር ኮንትራባሱን ይዞ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከፒያኒስቱ ሬምብራንት ፍሬሪክስ ጋር ሆኖ ከኢራናዊው የከማንቼ ሊቅ ከካይሃን ካልሆር ጋር ሠራ። ለዚህም የኮንትራባስን አያት፣ ቪዮሎኔ የሚባለውን የጥንት መሣሪያ አነሣ። ቪዮሎኔ ጥንት የአንጀት አውታር ነበረው። ወገኖቼ፣ የበገና አሥሩ አውታርም ከበግ አንጀት ነው። የሮተርዳሙ ልጅ የሰው አገር ዜማ እንዳይሰበር የራሱን መሣሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ለስላሳው ድምፅ መለሰ። መሣሪያው ያልለመደውን ቅኝት ሲያስቀይም ጆሮው ስለነገረው ነው።

ለምን ይሆን ቤዚስቶች እንዲህ ወደ ማስተማር የሚያደሉት? ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባላል፤ ቤዝም እንደዚያው ነው። ቤዚስት ሁለት ጌታ ያለው አሽከር ነው። በምቱ በኩል ለድራመሩ ያድራል፤ በድምፁ በኩል ለዘፋኙ ያድራል። ዘፋኙ የራሱን መንገድ ብቻ ቢያውቅ ይበቃዋል። ቤዚስቱ ግን ሁለቱ ወዴት እንደሚሄዱ ቀድሞ ካላወቀ ሁለቱን ያጣላል። የእኛን ችክችካ ውሰዱ። ስድስት ምት ናት፤ በሁለትም በሦስትም ትከፈላለች። እግር በሁለት ሲረግጥ እጅ በሦስት ሊያጨበጭብ ይችላል። ቤዚስቱ የትኛውን እንደሚያጠብቅ በየቅጽበቱ መወሰን አለበት። እንዲህ ሌላውን ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ የሰው ስህተት ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። አስተማሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አሁን የሽማግሌውን ጥያቄ ልመልስ። ትዝታ በተለመደው አጻጻፍ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አምባሰል ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለ ላ ነው። ሦስቱም ውስጥ ሶል አለ፤ ስለዚህ የእኔን ዶ፣ ሶል ታግሠው አልፈዋል። አንቺሆዬ ግን ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ ነው። እኔ የምረግጠው ሶል በቤቱ ውስጥ የለም። በደንብ የሰማሁትና ጣቴ የለመደው፣ በዓለም ያለ ቤዚስት ሁሉ እንደ ምርኩዝ የሚይዘው ድምፅ፣ ለአንቺሆዬ ባዕድ ነው። ሽማግሌው «ወዴት ነው የምትሄደው» ያሉኝ ከቤት ወጥቼ ስላገኙኝ ነው።

ነገሩ በፒያኖ ላይ እንዳስቀመጥኩት ጥርት ያለ እንዳይመስላችሁ። ማሲንቆ የፒያኖ ቁልፍ አይደለም፤ እንደ መቺው እጅ ድምፁ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ግን መሠረቱ ይህ ነው። ከበርክሊም ሆነ ከዴን ሃግ የተመረቀ ቤዚስት በአራት ምት እየተራመደ፣ ኮርድ ከኮርድ እያሳለፈ መሄድ ተምሯል። አንቺሆዬ ላይ እንዲህ ቢራመድ ዜማውን ከእግሩ ሥር ይነቅለዋል። ሙላቱ ኢትዮ ጃዝ ያለው ነገር ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለቱን ድምፅ ከአምስቱ ሥር ስታስገባ አምስቱ ቀለማቸውን እንዳይለቁ ማድረግ ነው። ይህ በስሜት ብቻ አይደረስም፤ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቀይም በስሙ ማወቅ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ሄኖክን የመሰለ፣ ሁለቱንም ቤት የሚያውቅ መምህር የሚያስፈልገው። የውጭውን መንገድ ያልተማረ ሰው ጥፋቱን በስሙ አይጠራውም፤ የአገሩን ጆሮ ያላሳደገ ሰው ደግሞ ጥፋት መሆኑን አይሰማውም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጃዝ በትምህርት ቤት ከገባ ይደርቃል፤ ተማሪው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላውንና ፉከራውን ወደ ሳክስፎን ያስገባው ከማንም ሥርዓተ ትምህርት ወስዶ አይደለም። በ2004 እዚህ ኔዘርላንድስ መጥቶ ከአምስተርዳሙ ባንድ ከዘ ኤክስ ጋር ሲጫወት፣ በ2006ም «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው ሲያወጡ፣ ተማሪዎቹ ኔዘርላንዳውያኑ ነበሩ። በጆሮ ነው የተማሩት። የሌሊቱ እውቀት ያን ጊዜም በሕይወት ነበረ። ጌታቸው ግን በ2016 አረፈ። እሱን በጆሮ ለመማር ዛሬ ከሸክላ በቀር የት ትሄዳላችሁ?

የራሳችን ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ቀድመው ገጥመውታል። የያሬድ ዜማ በቃል ሲተላለፍ ኖረ። ከዚያ የግራኝ ጦርነት መጣ፤ መጻሕፍት ተቃጠሉ፣ መምህራን አለቁ። ከዚያ በኋላ ነው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓን ምልክት ያደራጁት። ምልክቱ የኔታን አልተካም። ዛሬም የዜማ ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በቃሉ ይይዛል። ምልክቱ ያደረገው አንድ ነገር ነው፤ መምህር በሞተ ቁጥር ዜማው ከዜሮ እንዳይጀምር። ጃዝአምባም፣ የቫን ደ ጌይን መጽሐፍም፣ የኦቨርዋተር ክፍልም ከዚህ የተለየ ሥራ አልሠሩም። ማን ነው መማሪያ መጽሐፍ አንብቦ ሌሊቱን የተወ? ፖል ቼምበርስ እንኳ በልጅነቱ ከዲትሮይት ሲምፎኒ ቤዚስት ዘንድ ሄዶ ተምሯል። ኩርሃውስ የቆመው የሌሊት ሰው የቀን መምህር ነበረው።

ልጨርስ ነው። ልጆቻችሁ እዚህ ተወልደው በየሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ጊታር፣ ፒያኖ፣ ቫዮሊን ይማራሉ። አንዳንዱ ነገ በዚያው በአማሬ በር ይገባል። ዶ፣ ሶልን ከእኔ በተሻለ ይጫወታል፤ ኮርዱንም ያውቃል። ቤት ሲመጣ ግን ሽማግሌው ይፈልጉታል። እናቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና የምታንጎራጉረው አንቺሆዬ ከሆነ፣ ልጁ ከሥሯ ቤዝ ሊያስገባ ሲሞክር ፊቷን ትቋጥር ይሆናል። «ምን ሆንሽ?» ቢላት ምናልባት አታውቀውም፤ ጆሮዋን ጎርብጧት ነው።

እኔ ያን ቀን «ጋሼ፣ እስቲ ይችን ቦታ ደግመው ይምቱልኝ» ማለት ነበረብኝ። እሳቸው ሲመቱ ጣቴን በቤዙ አንገት ላይ አንድ አንድ እያንሸራተትኩ ብፈልግ፣ ከሶል ግማሽ ድምፅ ዝቅ ስል ደጋናቸውን ሳያወርዱ ይቀጥሉ ነበር። ያኔ እሳቸው የሰሙትን እኔ በስሙ እጠራው ነበር። ግማሽ ድምፅ ናት፤ በቤዙ አንገት ላይ አንዲት እርከን። ሳልጠይቅ በመቅረቴ ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።